አህይት፣ አያ ጅቦና የተቃጠለው ካርድ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ከአደን ይልቅ ጌም በወደዱበት ዘመን፣ ሁለት በጋ ሙሉ ድንጋይ ተሸክማ ኮምፒውተር የገዛች አንዲት አህያ ነበረች። ምን ያደርጋል፣ የመኪና እሽቅድምድም ስትጫወት ምስሉ ይንቀረፈፍባታል። ሌሎቹ ውድድሩን ጨርሰው የእሷ መኪና ገና ኩርባው ላይ ይንገታገታል። አያ ጅቦ «አህያ በጌምም አህያ ናት!» እያለ መሬት ላይ እስኪንከባለል ይስቅባታል።

ስድቡ አህይትን አንገበገባት። ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ክፍል እንደሆነ፣ ፍጥነቱም ፋብሪካው ከወሰነው ትንሽ ከፍ ሊል እንደሚችል ሰምታ ነበር። መጀመሪያ ሳጥኑን ከፍታ አቧራውን በጭራዋ ጠረገች። ከዚያ በፍጥነቱ ቁጥር ላይ አሥር ብቻ ጨመረች። ግማሽ ሰዓት ተጫወተች፤ ሙቀቱን አየች፤ ረጅም ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ ለጥፋ የማራገቢያውን ድምፅ አዳመጠች። ደህና መሆኑን ስታረጋግጥ በማግስቱ ሌላ አሥር ጨመረች። የደረሰችበትንም ቁጥር በየቀኑ ግድግዳዋ ላይ በከሰል ጻፈች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ መቶ ሠላሳ ላይ ስትደርስ፣ ምስሉ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ታዩ፤ ማራገቢያውም ማጓራት ጀመረ። «በቃኝ» አለችና ወደ መቶ ሃያ መለሰችው፤ ግድግዳው ላይም መቶ ሃያን በከሰል ከበበችው።

በሚቀጥለው ውድድር አህይት አንደኛ ወጣች። አያ ጅቦ መሳቁን ተወ።

«በምን አሸነፈችኝ?» እያለ ሲብሰለሰል እመት ቀበሮ ጠጋ አለችው። በአህይት መስኮት አጮልቃ ግድግዳውን አይታ ኖሯል።

«አያ ጅቦ፣ ነገሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። የፍየል ታፋ ካመጣህ እነግርሃለሁ።»

ታፋውን ተቀበለችና «መቶ ሃያ» አለችው። ስለ አሥራ ሦስቱ ቀን፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ማራገቢያው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ከየት አምጥታ! እሷም አታውቀውም።

«ለአህያ መቶ ሃያ ከሆነ፣ ለጅብማ እጥፉ ነው!» አለ ጅቦ፤ በአንዴ ሁለት መቶ አርባ አደረገው። ሳጥኑ ሞቅ ሲል ደስ አለውና ያስቀመጠውን አጥንት እንዲያሞቅለት ማራገቢያው ፊት ጠቀጠቀው። ኮምፒውተሩ ራሱን አጠፋ። ጅቦ መልሶ አበራው። እንደገና ጠፋ። «ሰነፍ!» ብሎ የኤሌክትሪክ ኃይሉንም ጨመረበትና አበራው። በሦስተኛው ጭስ ወጣ፤ ቤቱም የተቃጠለ ቀንድ ሸተተ።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። ጅቦ ማልዶ አህይትን አስጠርቶ አንበሳ ችሎት ቀረበ።

«ጌታዬ፣ አህያ ካርዴን አቃጠለችብኝ! ቁጥሩ የእሷ ነው። የእሷ ኮምፒውተር ይሰጠኝ!»

«ምስክር አለህ?» አለ አንበሳ።

«እኔ አለሁ፣ ጌታዬ» አለች ቀበሮ፣ የታፋውን ስብ ከከንፈሯ እየላሰች። «ቁጥሩ በገዛ ሰኮናዋ ግድግዳዋ ላይ ተጽፏል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዓይን አውጣነት ማለት ይኼ ነው! ሲንቋት የኖሩት፣ ድካሟን በመስኮት የሰረቁት፣ አሁን ከሳሽና ምስክር ሆነው ቆሙ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል፤ አህይት ደግሞ ባልም ጠበቃም አልነበራትም። አንበሳ እሷን ሳይጠይቅ ኮምፒውተሯን ለጅብ ሊፈርድ አፉን ከፈተ። ያ የሁለት በጋ ድንጋይ እንደገና ጀርባዋ ላይ የተጫነ መሰላት። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ።

«ጌታዬ፣ ይፍረዱ፤ ግን መጀመሪያ ይስሙኝ!» ብላ አናፋች። «እኔ ለማንም ቁጥር አልሰጠሁም! መቶ ሃያ የእኔ ካርድ አቅም ነው። ሁለት ካርድ ከአንድ ፋብሪካ ቢወጣ እንኳ አቅሙ አንድ አይሆንም። እኔ አሥራ ሦስት ቀን በጆሮዬ የጠበቅሁትን እሱ በአንድ ቀን አቃጥሎ፣ የምቀጣው እኔ ነኝ? የእሱ ሳጥን እዚሁ ይከፈትልኝ!»

ሳጥኑ መጥቶ ተከፈተ። አጥንቱ ተንዶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ አንበሳ።

«ቁርሴ ነው፣ ጌታዬ።»

«ፍጥነቱንስ ስንት አድርገኸው ነበር?»

«ሁለት መቶ አርባ ብቻ።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። በሳቁ መሐል ቀበሮ ቀስ እያለች ወደ በሩ ስታፈገፍግ ጅቦ አያትና ጮኸ፦ «ወዴት ነሽ? ቁጥሩ ካልሠራ የፍየል ታፋዬን መልሺ!»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «የምን ታፋ?»

ከዚያ ወዲያ ምስክር አላስፈለገም። ጅቦ ከነተቃጠለው ካርዱ ተባረረ፤ ቀበሮም አሥራ ሦስት ቀን የአህይትን ድንጋይ እንድትሸከም ተፈረደባት። ችሎቱ ሲበተን አንበሳ ጉሮሮውን ጠርጎ አህይትን ጠጋ አላት።

«የእኔም ኮምፒውተር ትንሽ ይንቀረፈፋል። ለእኔስ ስንት ይሻለኛል?»

አህይት ትክ ብላ አየችው። ይቅርታ እንኳ አልጠየቃትም!

«የምሰጥዎት ቁጥር የለኝም፣ ጌታዬ» አለች። «አሥራ ሦስት ቀንና የሚሰማ ጆሮ ካለዎት ግን ከአሥር ይጀምሩ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የሌላውን ድካም ትቶ ውጤቱን ብቻ የሚነጥቅ ሁሉ፣ ሲቃጠልበት ከራሱ በቀር የሚከሰው እንደሌለ ነው።