ሹሙና የአሮጌው ጂፕ ማሞቂያ

እጇ ከግራሶ፣ አፏ ከነገር ተለይቶ የማያውቅ አንዲት መካኒክ ነበረች። አንድ ብርዳም ጠዋት የከተማው ሹም አቶ ደምመላሽ በአሮጌ ጂፓቸው መጡባት። የፊት መስታወቱ በእንፋሎት ታፍኗል፤ እሳቸው ጋቢ ደራርበዋል።

«ማሞቂያው ብርድ ይተፋል» አሉ፣ ወረፋ በያዙት ሾፌሮች ፊት። «ምንም ሳትፈቺ ችግሩን ንገሪኝ፤ ደግሞ በሚገባኝ ቋንቋ። ካቃተሽ ጋራዡን ዛሬውኑ አሽገዋለሁ።»

መካኒኳ ከዚህ ጋራዥ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ሞተሩ እስኪግል ጠበቀችና ወደ ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለት የውሃ ጎማዎች ዳሰሰች። ውሃ የሚያስገባው ያቃጥላል፤ የሚያስወጣው በረዶ ነው። ስለ ሹሙ ዓመታት በሆዷ ያመቀችው ነገር ያኔ ምላሷ ላይ መጣ። አንገቷን ደፍታ፣

«ጌታዬ፣ ልክ እንደ ቢሮዎ ነው» አለች። «የሚገባው ሁሉ ትኩስ ሆኖ ይገባል፤ መሃል የተቀመጠው ስለዛገ ቀዝቅዞ ይወጣል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ ሹሙ፣ ነገሩ ሳይገባቸው።

«መጀመሪያ ይታጠባል። አልጸዳ ካለ ይነሳል። አሁን ገባዎት?»

ሾፌሮቹ ሁሉ ገብቷቸው ስለሳቁ፣ ሹሙም «ገብቶኛል» ከማለት ሌላ መውጫ አጡ፤ ጋራዡም ሳይታሸግ ቀረ።