የአኼራ ጭነት

ተረት ተረት።

የመሰረት በሉኛ። እንደ ተኛ ሰው ምንድነው ማጉረምረም? እንዲያ ነው፣ እሺ።

በድሮ ጊዜ አንድ ሱልጣን ነበር። የአገሩን ብቸኛ ምንጭ በግንብ አጠረና «የኔ ነው» አለ። ሕፃን በጥም ያለቅሳል፣ እሱ ፈረሱን ያሳጥባል። ወይ ሰው።

እዚያው አገር ሩቂያ የምትባል ሰሌን ሠሪ ነበረች። ድሃ ናት፤ ያላት አንድ አህያ ነው። አህያው ግን ይናገራል። ምን ያስቃችኋል? አላህ ካናገረው ይናገራል። የአኼራን፣ የወዲያኛውን ዓለም መንገድም ያውቃል።

ሱልጣኑ ይህን ሰማና አስጠራት።

«አርጅቻለሁ። ሀብቴ ቀድሞኝ አኼራ ይግባ። አህያሽ ካደረሰልኝ የፈለግሽውን እሰጥሻለሁ፤ ካላደረሰ አንገትሽን።»

«ምንጩን ይክፈቱልን፣ ጌታዬ።»

«ከምንጩ በቀር።»

ሩቂያ አህያዋን አመጣች። ምን ታርገው?

ወርቅ ጫኑ። አህያው ሱልጣኑ ለራሱ ባስቆፈረው መቃብር ገብቶ ጠፋ። ቆይቶ ከነጭነቱ ተመለሰ። «የአኼራ በረኞች፣ እዚህ ገበያ የለም አሉኝ።»

ሐር ጫኑ። አሁንም ከነጭነቱ ተመለሰ። «አንድ ከፈን ይበቃዋል አሉኝ። ጀርባዬ ተላጠ እኮ።»

ጦርና ጋሻ ጫኑ። እሱንም ይዞ ተመለሰ። «ማንን ሊወጋ ነው ብለው ሳቁብኝ። ሰውዬ፣ አሁንስ ሰለቸኸኝ።»

ሱልጣኑ ጎራዴውን መዘዘ። ሩቂያ የአህያዋን የተላጠ ጀርባ አየች፤ ልቧ ነደደ።

«ሦስት ጊዜ እርስዎ የሚወዱትን ላክን፣ ጌታዬ። እስቲ ሰው የቸገረውን ይላኩ። ምንጩን ለአንድ ቀን ይክፈቱ።»

«አንድ ቀን ብቻ» አለና ግንቡን አስፈረሰ።

ሰው ጠጣ፣ ከብት ጠጣ። አንዲት ባልቴት አፏን ጠርጋ «አላህ ጀነት ያግባህ» አለችው። ዱዓዋ ብርሃን ሆኖ አህያው ጀርባ ላይ ዐረፈ። አህያው መቃብሩ ገብቶ ባዶውን ወጣ።

«ደረሰ?» አለ ሱልጣኑ።

«ደረሰ። ተቀበሉት።»

«በሉ እንግዲህ ግንቡን መልሱ።»

አያችሁልኝ የዚህን ሰው ነገር?

ሩቂያም «እንዳሻዎ» አለች። «ግን ነገ የሚጠማው ሰው እርግማንም የሚጫነው በዚሁ አህያ ነው።»

አህያው ጆሮውን አራገፈና «እሱንም አይመልሱትም፤ ይቀበሉታል» አለ።

ሱልጣኑ ከግንበኛው እጅ ድንጋዩን ነጥቆ ወረወረ። ምንጩም ሳይዘጋ ቀረ።

ልጆቼ፣ ዱንያ ማለፊያ ናት፤ መኖሪያው አኼራ ነው። ያከማቻችሁት እዚሁ ይቀራል፤ ለተቸገረ የሰጣችሁት ቀድሟችሁ ይጠብቃችኋል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በውኃ አርሱ።