ትርንጎና የአብሾው ዋንጫ

ተረት ተረት! ምነው፣ አፋችሁን ቆለፋችሁት? ተረት ተረት! የላም በረት በሉ እንጂ! እንዲያ ነው።

በድሮ ዘመን ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። አንድ ጊዜ የሰማችውን አትረሳም። ፊደል ላይ ስትደርስ ግን ጉድ ነው! ፊደሎቹ ይተራመሱባታል፤ ትናንት የለየችውን ዛሬ አታውቀውም። መምህሯ የኔታ ጥጋቡም ይገርፏታል።

፦ የኔታ፣ እያየሁት ይሸሸኛል።

፦ ዝም በይ፣ ሰነፍ! አሉና አለንጋቸውን አነሡ።

ከዚያም መንደርተኛው ሁሉ ሐኪም ሆነላችሁ። አንዷ ቡዳ ነው አለችና በጭስ አፈነቻት። አንዱ ዛር ነው አለና ከበሮ አስመታባት። ምንም የለም። በመጨረሻ የኔታ፣ አብሾ ትጠጣ አሉ። አብሾ ቅጠል ነው፤ ተጨምቆ ሲጠጣ አእምሮ ይከፍታል ይላሉ። የከፈተለትን አላየሁም፣ ያሳበደውን ግን አውቃለሁ።

እናቷ ደብሪቱ እግራቸው ላይ ወደቀች።

፦ በሞቴ የኔታ፣ አንድ ልጄን አያሳብዱብኝ!

፦ እንግዲያው እሑድ በሰው ፊት ታንብብ። ካቃታት ትጠጣለች።

እሑድ ደረሰ። ዋንጫው ተሞልቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ጎሹ ተነሣ። ጎሹ የየኔታ ኩራት ነው። መጽሐፉን ይዞ ያንበለብለው ጀመር። እልልታው ቀለጠ! የኔታም ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ትርንጎ ተራዋን ስትጠብቅ ተንጠራርታ የጎሹን መጽሐፍ አየች። አይታ አይታ፣

፦ የኔታ፣ ጎሹ መጽሐፉን ዘቅዝቆ ይዞታል እኮ! አለች።

እልልታው ቆመ። የኔታ ቢያዩ እውነት ነው። ሌላ ገጽ ገልጠው፣ ይሄን አንብብ አሉት። ጎሹ ያንኑ በቃሉ ያጠናውን ደገመው። ሌላ ተማሪ ጠሩ፤ እሱም ያው። ለካ ሁሉም ሲያዜሙ ነው የኖሩት! ፊደሉን ትክ ብላ ስታይ የኖረችው ተገራፊዋ ብቻ ናት።

የኔታ መሬት መሬት አዩ። ደብሪቱም ዋንጫውን በሁለት እጇ አነሣችና ጎንበስ ብላ፣

፦ እንግዲህ የኔታ፣ እርስዎ ይቅመሱት አለች።

አልቀመሱትም። ደፉት። ከዚያ ወዲያ ትርንጎን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ አሸዋ ላይ በጣቷ እያስጻፉ ፊደሉን አንድ በአንድ አስተማሯት። ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ዕድሜ ልኳንም የምታነበው ቀስ ብላ ነበር፤ ግን መጽሐፉን አቅንታ።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። አብሾ ያመጣ ግን ወዮለት!