የማይገኘው የኪሳራ መዝገብ

ምንውየለት የተባለ ነጋዴ በፍርድ ቤት ከሰረ ተብሎ ሱቁ ሲታሸግ፣ እሱ ዘንድ የምትሠራ አንዲት ልብስ ሰፊ የራሷ የስፌት መኪና አብሮ ተቆለፈባት። መኪናው የእሱ ንብረት ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ ለማየት፣ ከመሸጡ በፊት ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄደች።

ኃላፊው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «የመዝገብ ቁጥር?» አሏት።

«አላውቀውም ጌታዬ። የነጋዴውን ስም ግን አውቃለሁ።»

«በስም አንፈልግም። ቁጥሩን አምጪ።»

«ቁጥሩ የት ይገኛል?»

«መዝገቡ ላይ።»

«መዝገቡስ?»

«ያለ ቁጥሩ የት እንዳለ አይታወቅም አልኩሽ!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። «አሠሪዬ ንብረቱ የት እንደገባ አላውቅም ቢል፣ ዳኞቹ ከስሯል ብለው ወሰኑለት። እርስዎም መዝገቡ የት እንዳለ ካላወቁ፣ የመዝገብ ቤቱን መክሰር የማመለክተው ለየትኛው ችሎት ነው?»

መዝገቡ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በስም ተገኘ።