ከገንዳው ማፍሰሻ የወጣው ቋጠሮ

አንዲት ሴት አለች። ስሟን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ስትወጡ እሷን ታማላችሁ እንጂ ራሳችሁን አትመረምሩም። አውቃችኋለሁ።

ይህች ሴት ባል አላት፤ አንዲት ትንሽ ልጅም አለቻት። ባኞ ቤቷ ውስጥ ገንዳ አለ። ገንዳው እንደ ብዙዎቻችሁ ቤት ገንዳ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አንዳንዴ ውሃ ይጠራቀምበታል፣ አንዳንዴ ልብስ ይዘፈዘፍበታል፣ ልጅም ይታጠብበታል። እሷም ሹሩባዋን የምትፈታው እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ነው።

ባሏ ታላቅ እህት አለችው። የዚችኛዋን ስም ግን እነግራችኋለሁ። የውብዳር ትባላለች። ስሟ ያለ ጥፋቷ ጠፍቷልና ዛሬ በጉባኤ መካከል በደህና ይጠራ።

የውብዳር ባሏ የሞተባት የባላገር ሴት ናት። ከተማ ለምን መጣች? አስም ይዟት፣ ደረቷን ልትታከም። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሰጥቷታል። ቀጠሮው እስኪደርስ የት ትረፍ? ወንድሟ ቤት ነዋ! ሌላ ማን አላት?

ታዲያ አንድ ቀን የገንዳው ውሃ አልወርድ አለ። ልጅቱ ታጥባ ወጣች፤ እጣቢው ግን እንደቆመ ቀረ። በማግስቱም ያው። ሴትዮዋ ምን አለች መሰላችሁ? «እሷ ከመጣች ወዲህ ነው። ፀጉሯን እየጣለችበት ነው የተደፈነው» አለች።

ፀጉሯን! ወገኖቼ፣ የውብዳር ምን ፀጉር አላት? ባሏ ሲሞት እንደ አገሯ ደንብ ራሷን ተላጭታ፣ ሻሿን እንዳሰረች ነው ያለችው። አንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ፣ ከአንድ ትሪ እየበሉ፣ ይህችን ሴት ቀና ብሎ ያያት ሰው አልነበረም።

ባልየው አሲድ ገዝቶ ሊደፋበት ተነሣ። ከዚያ ግን የእህቱ ደረት ትዝ አለው። የአሲዱ ሽታ ቤቱን ሲሞላው እሷ ምን ልትሆን ነው? ይህን ማሰቡን አልነሣውም፤ እግዜር ይስጠው። «ተዉት፣ በእጄ እከፍተዋለሁ» አለ።

መጀመሪያ የፈላ ውሃ ደፋበት። እምቢ አለ። ያችን እንጨት የተሰካባት ጎማ አምጥቶ አፉ ላይ ገጥሞ ገፋ፣ ሳበ። ጎርጎር አለና ዝም አለ። በመጨረሻ የማፍሰሻውን ክዳን ፈታ። የልብስ መስቀያ ሽቦ አቃንቶ፣ ጫፉን እንደ መንጠቆ ቆልምሞ ወደ ውስጥ ሰደደው። የሆነ ነገር ያዘ። እጅጌው ርሶ፣ ሽቦውን እየጠመዘዘ፣ እየሳበ፣ እየጠመዘዘ፣ እየሳበ... ወጣ!

ምን ወጣ? የሚያዳልጥ፣ የሚከረፋ፣ ጥቁር የፀጉር ድብልብል። መካከሉ ላይ ክር ተጠምጥሞበታል። ክሩ ደግሞ ቋጠሮ አለው።

ውሃው ሿ ብሎ ወረደ። ሥራው አለቀ። ቆሻሻውን ጠቅልሎ መጣል፣ እጅ ታጥቦ «እሰይ» መባባል ነበር የቀረው። ሌላ አገር ቢሆን እንዲያ ያደርጉ ነበር። እኛ ግን ፀጉርና ክር ተቋጥሮ ካየን ቆሻሻ መሆኑ አይታየንም።

ሴትዮዋ ጩኸቷን ለቀቀችው። «መተት! ቤቴ ውስጥ መተት! የራሴን ፀጉር ወስዳ አስቋጥራብኝ ነው!»

ልብ በሉ እንግዲህ። ጠዋት «ፀጉሯን ጣለችበት» ያለች ሴት ከሰዓት «ፀጉሬን ወሰደችብኝ» አለች። ክሱ ተገለበጠ፤ ተከሳሿ ግን ያችው ናት።

የውብዳር በሩን ተደግፋ «ኧረ እኔ አላውቅም! ማርያምን አላውቅም! የወንድሜ ቤት ቢፈርስ ምን ላገኝ?» አለች። ማን ሰማት? «ዝም በይ!» አለቻት ሴትዮዋ። «ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ አጠራት ያልነው ድግምት ነበር ለካ!»

ሰማችሁ? የበሽተኛ ትንፋሽ ድግምት ተባለ! ሰው አየር አጥታ ስታቃስት፣ ተነሥቶ ውሃ ያቀበላት የለም፤ ማቃሰቷን ግን መዝግበው ይዘውላት ኖሯል።

ባልየውስ? ሽቦውን እንደያዘ ቆሟል። ለእህቱ ብሎ አሲዱን የተወው ያ ወንድም፣ «ሚስቴ፣ ተይ» የምትል አንዲት ቃል አልወጣውም። ለደረቷ የራራው ሰው ስሟ ሲጠፋ ቆሞ አየ። የውብዳር ልብሷን ፌስታል ውስጥ ከታ ወጣች። ቀጠሮዋ ገና አልደረሰም።

በማግስቱ እኔ ተጠራሁ። የንስሐ አባታቸው ነኝ። «አባቴ፣ ጠበል ይዘው ይድረሱልን» አሉኝ፤ ሄድኩ። ቋጠሮውን ባኞ ቤቱ ወለል ላይ በጋዜጣ አስቀምጠውታል። የሚጠጋው የለም። ልጅቱን ጎረቤት አሽሽተዋታል። ሴትዮዋ ከበሩ ወዲያ ቆማ «አባቴ፣ እንዳይነኩት! ጸልየውበት ይቃጠል» ትለኛለች።

«ልጄ፣ ሳሙና አምጪልኝ» አልኳት።

«ሳሙና? ጠበሉስ አባቴ?»

«ጠበሉ ይቆየን። ሳሙና!»

አጠብኩት። በዚህ እጄ። ፀጉሩን ከክሩ እየለየሁ፣ እየፈታሁ፣ እያለቀለቅኩ አጠብኩት። ፀጉሩ እድፉ ሲለቅ ቡናማ ቀለም የነካው ነው፤ ያው ወይዘሮዋ ከሹሩባዋ ጋር የምታስቀጥለው። ክሩ ሲጠራ ሦስት ቀለም የተገመደ ሆኖ ወጣ። ከቋጠሮው ሥር ደግሞ ጥፍር የምታህል የእንጨት መስቀል ተንጠልጥላለች።

አወቃችሁት? እኔስ አወቅሁት። ልጅቱ ክርስትና ስትነሣ በእነዚህ ጣቶቼ አንገቷ ላይ ያሰርኩት ማተብ ነው! ገንዳው ውስጥ ስትታጠብ ወልቆ ሄዷል። «የት ገባ?» ያለ የለም። ሌላ ገዝተው አሰሩላትና ተረሳ። የእናትየው ፀጉር ተጠምጥሞበት፣ የሳሙና እድፍ ተለጥፎበት እዚያ ተቀመጠ። የውብዳር ከአገሯ ሳትነሣ በፊት እዚያ ነበረ!

የልጃቸውን ማተብ ነው ሊያቃጥሉት የነበረው። መስቀል ያለበትን ክር ነው የፈሩት። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ አጥቦ ቢያየው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ለማጠብ ደቂቃ አጡ። ሰው ለማባረር ግን ጊዜ ነበራቸው!

አሁን የባሰውን ልንገራችሁ። ሴትዮዋ መስቀሏን ስታይ ምን ያደረገች ይመስላችኋል? አለቀሰች? መሬት ላይ ወደቀች? እልል አለች! «ተመስገን! መተት አይደለም! አምላኬ ቤቴን ጠበቀልኝ! በሉ እንግዲህ አባቴ፣ ለበረከት ይርጩልን!»

ደሜ ፈላ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ አልዋሽም፤ ደሜ ፈላ። «የውብዳርስ?» አልኩ።

ባልየው መሬት መሬት እያየ «መናኸሪያ አድራ ዛሬ ማለዳ ተሳፈረች» አለ።

«እንደውልላታለና አባቴ» አለች ሴትዮዋ። «እሷስ ዝም ብላ መሄዷ ደግ ነው? ንጹሕ ሰው እኮ ይሟገታል።»

ይሟገታል! ትንፋሽ የሌላት ሴት በምን ትሟገት? ጠበሌን ይዤ ወጣሁ። አንዲት ጠብታ አልረጨሁላቸውም።

«አባ ጨከኑ» ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ። ግን እናንተንም እጠይቃችኋለሁ። ልጃችሁ ትምህርት አልገባው ሲል የጎረቤት ዐይን ነው ያላችሁ እናንተ አይደላችሁም? ሱቃችሁ ገበያ ሲያጣ ማዶ ያለችውን አሮጊት ያኮረፋችሁ እናንተ አይደላችሁም? ከባላችሁ ጋር ስትጣሉ አማታችሁ አስደግማብኝ ነው ብላችሁ ቤት የለወጣችሁ እናንተ አይደላችሁም? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ትስቃላችሁ። በማን ነው የምትስቁት?

ከራሳችሁ ራስ የረገፈውን ፀጉር በሰው አሳበባችሁ። በገዛ እጃችሁ የጣላችሁትን ነገር በሰው አሳበባችሁ። ሳታጥቡ፣ ሳትፈቱ፣ ሳታዩ ፈረዳችሁ። ከዚያ «አባቴ፣ ጠበል!» ትላላችሁ። ጠበሉ ምን ያድርግላችሁ? ያጎደፋችሁትን ስም ይጠብላችሁ?

እናንተ ባሎች፣ እናንተ ወንድሞች፣ «እኔ ምን አልኩ?» አትበሉኝ። ምንም አላላችሁም። ጥፋታችሁ እሱ ነው። እኅታችሁ በር ላይ ቆማ በማርያም ስትምል ሽቦ ይዛችሁ ቆማችኋል።

እነዚያን ባልና ሚስት ባገኘኋቸው ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ። «ደውለን ነበር፣ አልተነሳም» ይሉኛል። «ለበዓል እንሄዳለን» ይሉኛል። በዓሉ አለፈ። የሐኪም ቤቱ ቀጠሮም አለፈ። እዚያ አገር ደግሞ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል፤ የውብዳር ገና ከመኪና ሳትወርድ «መታቿ መጣች» ተብሏል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ማን ይመልሰዋል?

ዛሬ ቅዳሴው ሲያልቅ ጠበል ልትጠጡ ትሰለፋላችሁ። ሰው አባርራችሁ የመጣችሁ ግን ከሰልፉ ውጡልኝ። አትቆጡ፤ ውጡ። የእናንተን የውብዳር ታውቋታላችሁ። ስሟ አሁን በልባችሁ መጥቷል፤ ከፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። በስልክ አይደለም። ለበዓል አይደለም። ደጇ ድረስ ሄዳችሁ፣ ጎረቤቶቿን ሰብስባችሁ፣ በሰው ፊት እንዳጎደፋችኋት በሰው ፊት «ዋሽተንብሻል» በሏት።

መንገዱ ሩቅ ነው ትሉኛላችሁ። የውብዳር ቤት ዳገት ላይ ነው አሉ። ከጉድጓዱ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ሦስቴ አራቴ ትቀመጣለች አሉ። እሷ ትንፋሽ የላትም። እናንተ አላችሁ። ውጡት።