የማይበረው ክንፍ

ዙሪያውን ገደል በሆነ አንድ አምባ ላይ አንበሳ ነግሦ ይኖር ነበር። የአገሩ ሥርዓት ግልጽ ነበር፤ ከአምባው መውረጃ አንድ በር ብቻ አለ፣ በሩን አያ ጅቦ ይጠብቃል፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ከነዋሪው አንዱ በተራው ቤተ መንግሥት ምሳ ይጋበዛል። ከምሳው የተመለሰ የለም። አፈ ንጉሡ ቀበሮ እንደሚያስረዳው፣ ግብዣው ከመጠን በላይ ስለሚጥማቸው ነው።

አንድ ማክሰኞ የመጪው ሰኞ ጥሪ እመት ጥንቸልን ደረሳት። እያለቀሰች ወደ ጎረቤቷ ወደ እመት ጦጣ ሮጠች።

«እቱ፣ ጅቡ እንደሆነ በበሩ አያሳልፈኝ። ምን ይሻለኛል?»

ጦጣ የጥንቸልን የኋላ እግሮች አየት አደረገችና፣ «እነዚህን የመሰሉ እግሮች ይዘሽ ታለቅሻለሽ?» አለቻት።

ሁለቱ ሦስት ቀን ሙሉ ሸምበቆ ሲቆርጡና የኮባ ቅጠል ሲሰፉ ሰነበቱ። ሰፊ ክንፍ ሠሩ፤ ከሥሩም እንደ ሸማኔ ዕቃ ያለ የእግር መርገጫ አበጁለት፤ ሲረገጥ ክንፉ ይርገበገባል። ዓርብ ማለዳ ጥንቸል ከጓሮዋ ተነሥታ፣ እየረገጠች የዋርካውን አናት ዞራ ተመለሰች። ስትወርድ ሳቁ አላስቆም አላት።

ወሬ ግን ከክንፍም ይፈጥናል። ቅዳሜ ሁለቱም ከነክንፋቸው ሸንጎ ፊት ቆሙ።

«ከንጉሥ በፊት የሚበር የለም» አለ ቀበሮ። «ጃንሆይ አሁኑኑ ይሞክሩታል።»

«ደግ» አለች ጦጣ። «ብቻ ሸክም አይወድም። ጃንሆይ ብቻዎን ሆነው፣ በገዛ እግርዎ እየረገጡ...»

ሸንጎው አጉረመረመ። «ንጉሥ ይረግጣል እንዴ? ያለ ዙፋኑስ በሰማይ ሲሄድ ማን ንጉሥ ነው ይለዋል?» ሲል ቀበሮ ተቆጣ።

ስለዚህ ዙፋኑ ታሰረ። ነጋሪቱ ተጫነ። የሚረግጥ ስላስፈለገ ጅብ በሩን ቆልፎ መጣ፤ ጥላ ለመያዝ ደግሞ ራሱ ቀበሮ ከኋላ ወጣ። ጅብ ምላሱ እስኪንጠለጠል ረገጠ። ከመሬት ስንዝር እንኳ ሳይነሡ ሸምበቆው ቀጭ አለ። ከሸንጎው መሀል አንድ ጃርት ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ቀበሮ ለንጉሡ ክብር አሳቢ ነውና ወዲያው አዋጅ አስነገረ፦ «ይህ ዕቃ አይበርም። ይበራል ያለ፣ ሲበር አየሁም ያለ፣ ለምሳ ይጋበዛል።» ጦጣም ስብርባሪውን ሰብስባ እንድትሄድ ተፈቀደላት።

መንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ፣ «እውነታቸውን ነው፣ አይበርም» እያለች አሠራሩን አሳየች። የማይበር ዕቃ መሥራትን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። እሑድ አምባው በሙሉ ሸምበቆ ሲቆርጥ ዋለ፤ ይህን ስተርክ እኔንም ደስ ይለኛል።

ሰኞ ረፋድ ላይ ጅብ ከበሩ ቀና ሲል፣ ጥንቸል ከፊት፣ ጃርቱ እያለከለከ ከኋላ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ከራሱ በላይ እየረገጠ ወደ ማዶ ይሻገራል። በሩጫ ቤተ መንግሥት ገባ።

«ጃንሆይ! ሕዝቡ እየ...»

ቀበሮ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አዋጅ በጣቱ አሳየው።

«... በበሩ ያለፈ የለም» አለ ጅብ።

«መልካም» አለ አንበሳ ማዕዱ ፊት እየተመቻቸ። «ታዲያ የዛሬው ተጋባዥ ማነው?»

ቀበሮ ጅብን አየ። ጅብም ቀበሮን አየ።