የአንጓች ጳጉሜ

በፊደል ገበታ ላይ «ጰ» እምብዛም ሥራ የላትም። ጳጳሱንና ጴጥሮስ ወጳውሎስን ከጠራች በኋላ ዓመቱን ሙሉ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ፊደል ናት፤ ልጆችም ፊደል ሲቆጥሩ እሷ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልፏታል። ግራር አፋፍ በሚባለው አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ «ጰ» የሚበላ ነገር አላት። ጳጉሜት የምትባል፣ የዶሮ እንቁላል የምታህል፣ ልጣጯ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ስትበስል ውስጧ ቅቤ የሚመስል ፍሬ አለች። ዛፏ ላይ በስላ አትበላም፤ በጳጉሜ ጥሬዋን ትቀጠፍና ጭድ ውስጥ ተቀብራ ለመስቀል ትወጣለች። የምትቀጥፋትም ሴት ብቻ ናት። በእነዚያ ቀናት ወንድ ከዛፏ ሥር አይቆምም፤ መንገዱ በዚያ ቢሆን እንኳ መሬት መሬት እያየ ያልፋል። ለምን እንዲህ እንደሆነ የአገሩ ሽማግሎች ሲጠየቁ መጀመሪያ ትንሽ ያፍራሉ፣ ከዚያ ያወራሉ።

እንደሚነገረው፣ አገሩ እንዳሁኑ በሰው ሳይሞላ፣ ቢሻውና ዘገዬ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ፤ አንጓች የምትባል ታናሽ እህትም ነበረቻቸው። አንጓች ወንዝ ማዶ ተድራ፣ እጁ የማያርፍ ባል ገጥሟት፣ ችላ ትኖር ነበር ይባላል። አባታቸው የሞተ ጊዜ አራስ ስለነበረች ለቀብሩ አልደረሰችም፤ ወንድሞቿም ተዝካሩን አውጥተው መሬቱን ሲካፈሉ «ነይ» የሚል ሰው አልላኩባትም። ማሳውን እኩል ከቆረሱ በኋላ አንዲት ዛፍ ድንበሩ ላይ ቀረች። ስም እንኳ አልነበራትም፤ ፍሬዋን ከጦጣ በቀር የሚቀምሰው ስላልነበረ «የጦጣ ሲሳይ» ይሏት ነበር። ድንበር ናትና አትቆረጥም፤ ሁለቱም ደግሞ ቀፎ ሊሰቅሉባት ፈለጉ። ስለዚህ እንደ ከብት ጥበቃ በተራ አደረጓት፤ ከመስከረም እስከ የካቲት ለታላቁ ለቢሻው፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ለዘገዬ። ሁለቱም እኩል ደረሰን ብለው ተሳስመው ተለያዩ።

አንጓች የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ልጇን ስንዱን አዝላ፣ የግንባሯን ሰንበር በሻሿ ሸፍና ቢሻው ደጅ ቆመች። ቢሻው አላባረራትም፤ ግን ቤቱንም አልከፈተላትም፤ ከጥጃዎቹ ጋር ጭድ ላይ አስተኛት። የቢሻው ሚስት ወርቅያንጥፉ ክፉ ሴት አልነበረችም ይባላል፤ ብቻ በየማለዳው የወተቱን ቅል ስታነሳ «እት አንጓች፣ ባልሽ አልላከም እንዴ?» ትላት ነበር። የዚህች ጥያቄ መልስ በየማለዳው አንድ ዓይነት ነበር። በየማለዳውም ጥያቄዋ አልቀረችም።

በዚያ አገር ደንብ፣ በአባቱ ርስት ላይ ድርሻ የሌለው ሰው ጎጆ አይቀልስም። አንጓችም ቀኑን ጠብቃ ሽማግሎቹ በሚሸነጉበት በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመች። የሸንጎው ዳኛ አባ ጎርፉ የተባሉ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ጆሯቸው ግን የጥንቸል የሆነ ሽማግሌ ነበሩ።

«ድርሻዬን እፈልጋለሁ አባቶቼ» አለች።

«ለሠርግሽ በሬ ተነድቶልሻል» አለ ቢሻው። «ድርሻሽ እሱ ነው።»

«በሬው ከባሌ ዘንድ ነው።»

«እኔ ታዲያ ባልሽን ልውረስልሽ?»

ሰው ሳቀ። አባ ጎርፉ አልሳቁም። ከአባትየው ሀብት ሳይከፈል የቀረ ነገር እንዳለ ጠየቁ፤ ያን ጊዜ ቀልደኛው ዘገዬ ተነስቶ ነጠላውን አስተካከለና «አለ እንጂ አባቶቼ» አለ። «የዛፏን ወራት ስንካፈል ጳጉሜን ረስተናታል። እኔም አልወሰድኳት፣ ወንድሜም አልወሰዳት። እሷን ትውሰድ፤ ለእቴ አንጓች ሰጥተናታል።»

ያን ጊዜ የተሳቀው ሳቅ እስከ ወንዝ ማዶ ተሰማ ይላሉ። አንጓች ግን ሳቁ ሲያልቅ ልጇን ከጀርባዋ ወደ ጎኗ አዙራ «ተቀብያለሁ» አለች። «ዋስ ይጥራልኝ።»

ዘገዬ ቀልዴን ነው ሊል አፉን ከፈተ። አባ ጎርፉ በበትራቸው መሬቱን መታ አደረጉ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በሸንጎ ፊት ነው የተናገርከው፤ ዋስህን ጥራ።» ዘገዬም ፊቱ ቀልቶ ዋስ ጠራ። ቢሻው ግን ነገር ያውቃልና እንዲህ ብሎ አሰረው፤ ድርሻ ማለት የሚበላ ነው፣ የማይበላ ነገር ይዞ ጎጆ ልቀልስ የሚል የለም፤ በጳጉሜዋ የቀጠፈችውን አምጥታ ሽማግሎቹ ከበሉላት ጎጆዋን ትቀልስ፣ ካልበሉላት ወደ ባሏ ትመለስ። ሽማግሎቹም ነገሩ ደንብ ሆኖ ስላገኙት ተስማሙ።

ጳጉሜ ስትገባ አንጓች ዛፏ ሥር ተቀመጠች። ፍሬዎቹ ሞልተዋል፣ ወፍረዋል፤ ግን አረንጓዴ ናቸው፣ እንደ ጠጠርም ደረቅ። ዝናቡ እየመታት በየቀኑ አንድ አንድ እየጨመቀች ታያለች፤ አንዷም አትለሰልስም። በመጨረሻው ቀን የቀጠፈችውን ቀጥፋ ወደ ሽማግሎቹ ሄደች። አባ ጎርፉ በጥርስ አልባ ድዳቸው ሞከሯት፤ ፊታቸው ተጨማዶ ዓይናቸው ጠፋ።

«ምን ሆኑ አባ?» አለ አንዱ።

«ምላሴን ለጎማት» አሉ፣ ምራቃቸውን እየተፉ።

«እቴ አንጓች» አለ ዘገዬ፣ «ድርሻሽ ለወንጭፍ ይሆናል። ማሽላ ስጠብቅ አበድሪኝ።»

አንጓች አንድ ዓመት ለመነች። ሽማግሎቹ፣ ምናልባትም ስለ ሕፃኗ ብለው፣ ሰጧት። ከዚያ ወዲያ ግን የለም አሏት።

ያን ዓመት እንዴት እንዳሳለፈችው ሲነገር፣ ዛፏን ያላየችበት ቀን አልነበረም ይባላል። ልጅ እያጠባች ታያለች፤ ኩበት እየጠፈጠፈች ታያለች። ሰማዩ እንኳ የተጫወተባት ይመስላት ነበር፤ ምክንያቱም እንቁጣጣሽ ባለፈ ማግሥት፣ ዛፏ ወደ ቢሻው እጅ እንደገባች፣ ፍሬዎቹ ቢጫ መሆን ጀመሩ። አንጓች አንዷን ከመሬት አንስታ ብትከፍታት ውስጧ በትል ተበልቶ ጠቁሯል። ሌላዋም እንዲሁ። ከዛፍ የበሰለው ሁሉ ለትል፣ ትል የተወው ለጦጣ። ቢሻውና ዘገዬ አሥራ ሁለቱን ወር ይዘው ከዛፏ አንድ ፍሬ አይቀምሱም፣ የሰቀሉትም ቀፎ ንብ አልገባበትም፤ እሷ ደግሞ ከዓመት የወደቀች ፍርፋሪ ይዛ መኖሪያዋን ከዚያች ታወጣለች። ይህን ስታስብ ጥርሷን ነክሳ ወተቷ እስኪደርቅ ትናደድ ነበር ይላሉ። የምትናደድበትን ሰው እንኳ በደንብ አላገኘችውም። ቢሻው አስጠግቷታል፤ ዘገዬ በቀልድም ቢሆን ሰጥቷታል፤ ዛፏም ዛፍ ናት።

ሰኔ ሲገባ ግን አንድ ተስፋ አገኘች። ቄሱን መንገድ ላይ አግኝታ «አባ፣ ዘንድሮ ዘመኑ የማን ነው?» አለቻቸው።

«የሉቃስ ነው ልጄ። ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች።»

ያን ቀን እያዜመች ኩበት ጠፈጠፈች ይባላል። ወሬው ዘገዬ ጆሮ ሲደርስ መጥቶ «አምስት ነው እኮ የሰጠንሽ» አላት።

«የሰጠኸኝ ጳጉሜን ነው አያ ዘገዬ። ካጠረችም የእኔ፣ ከረዘመችም የእኔ።»

ዘገዬ ጭንቅላቱን እያከከ ሄደ። አንጓችም ስድስተኛዋን ቀን እንደ ልደት ጠበቀች። ቀኗ መጣች፤ ዝናብ ይዛ መጣች። ፍሬዎቹ ግን ካምናው በምንም አልተለዩም። አንዷን ነክሳ ተፋች፤ ስንዱም እጇን ዘርግታ ለምና ብታቀምሳት አፏ ተሰብስቦ አለቀሰች። ቅርጫቷን ሞልታ፣ ጭቃው እግሯን እየያዛት፣ ወደ ጥጃ ቤቱ ተመለሰች። ወርቅያንጥፉ በር ላይ ነበረች።

«ይህን ድንጋይ ወደ ውስጥ እንዳታስገቢ፤ ጥጃዋን ያንቃታል።»

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው አንጓች ያን ጊዜም ከፍ አላደረገችም። ገባች፤ ቅርጫቱን በመኝታዋ ጥግ ገለበጠችው፤ ማንም እንዳያይባት፣ ከሁሉም በላይ እሷ ራሷ እንዳታያቸው፣ ጭዱን በእግሯ እየገፋች ደፈነቻቸው። ከዚያ ዝናቡ ውስጥ ወጥታ ቆመች።

እንቁጣጣሽ አለፈ። ልጃገረዶች በየደጁ ሲዘፍኑ አንጓች የልጇን ልብስ ታጥብ ነበር፤ ከመስቀል በኋላ እንድትሄድ ተቆርጦ ነበርና። በደመራው ዋዜማ፣ ሰው ቤት ቆይቶ የሚወጣ መኝታውን ጠርጎ ነው ብላ መጥረጊያ ፈልጋ ስትመለስ፣ ጥጃ ቤቱ ዝም ብሏል። እናት የሚያስደነግጣት የልጅ ለቅሶ አይደለም፤ ዝምታው ነው። ስንዱ ያን ጊዜ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። ሮጣ ስትገባ ልጅቷ ጭዱን ምሳ፣ እስከ ጆሮዋ ቢጫ ተለቅልቃ፣ ሁለት እጇን አፏ ውስጥ ከትታ ተቀምጣለች።

አንጓች መርዝ ነው ብላ ነጠቀቻት፣ አፏን በጣቷ ጠረገችው። ልጅቷ እሪ አለች፤ የታመመ ልጅ ለቅሶ ሳይሆን የተቀማ ልጅ ለቅሶ ነበር። ያን ጊዜ ሽታው ደረሳት። ጥጃ ቤቱ ከእበቱ በላይ ማር ማር ይሸታል። አንዷን ከጭድ አውጥታ ጫን ብታደርጋት ጣቷ ሰመጠ። ከፈተቻት፤ ትል የለባትም። ቀመሰች። ከዚያ ጭዱ ላይ ተቀምጣ፣ ልጇን ታቅፋ፣ አንድ ለራሷ አንድ ለልጇ እያለች በላች፤ እየበላችም ታለቅስ ነበር ይባላል። አንዳንዶች በደስታ ነው ይላሉ። ሴቶቹ ሲያወሩት ግን በንዴት ነው ይላሉ፤ ያን ሁሉ ዓመት ስትተኛበት የኖረችው ጭድ ነበርና።

በማግሥቱ ሽማግሎቹ ከደመራው ሲመለሱ ቅርጫቷን ፊታቸው አስቀመጠች። አባ ጎርፉ ያምናው ትዝ ብሏቸው በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። ጨረሷትና ሁለተኛ አነሱ። ቢሻው በላ፣ ዘገዬ በላ። ዘገዬ ያን ቀን ቀልድ አልመጣለትም።

«ጭዱኮ የእኛ ነው» አለች ወርቅያንጥፉ።

«ጭዱ የጥጃዋ ነው» አሉ አባ ጎርፉ፣ ጣታቸውን እየላሱ። «ከእሷ ጋር ተነጋገሪ።»

ቢሻው ደግሞ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጳጉሜ ስትሰጥ በቀልድ እንደነበረ፣ እንግዲህ ሦስቱም እኩል ቢካፈሏት ለፍቅርም እንደሚበጅ ተናገረ። አባ ጎርፉ ወደ ዘገዬ ዞሩ።

«ቀልዱን ማን ጀመረው?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«ያን ጊዜ ስትስቅ አይቼሃለሁ። አሁንም ሳቅ።»

አንጓች በዛፏ ሥር ጎጆዋን ቀለሰች። ወንድሞቿ ዝም አላሉም፤ ዘገዬ በነሐሴ ጨቅላውን ቀጥፎ ጭድ ውስጥ ቀበረው፣ ተጨማድዶ የፍየል በጠጥ መስሎ ወጣ፤ ቢሻው በመስከረም ቀጠፈ፣ ትሉ አብሮ ተቀበረ። ፍሬዋ የምትሆነው በዚያች ማንም ባልቆጠራት ወቅት ብቻ ሆነች፤ ስሟም ከዚያ ወዲህ ጳጉሜት ተባለ ይላሉ።

ዛሬም በግራር አፋፍ ርቀው የተዳሩ ሴቶች በጳጉሜ ወደ አባታቸው አገር ይመጣሉ፤ ወንድሞቻቸው ጭድ ያቀርቡላቸዋል፣ እንደ ወርቅያንጥፉ «ጭዱኮ የእኛ ነው» የሚል ሰው ግን እስካሁን አልጠፋም። ርስት በሚከፈልበት ጊዜም ሽማግሎቹ ነገሩን ከመዝጋታቸው በፊት በትራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው «ጳጉሜዋስ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እህት ሳትመልስ ክፍፍሉ አይጸናም። እህትም ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ ልጅ ካላት ልጇን ወደ ጎኗ አዙራ፣ እናቶቿ የመለሱትን ትመልሳለች።

«እሷስ ደርሳኛለች አባቶቼ። አሥራ ሁለቱስ?»

ለዚህኛው እስካሁን የመለሰ ሽማግሌ አልተሰማም። ክፍፍሉ ግን በዚያው ይጸናል።